ግማሿ ሜትር

«በልጅ አሳብባ ግቢውን እያስለካችው ነው እኮ! ያውም የሟቹ ዓመት ሳይወጣ!»

የሺሃረግ ይህን ስትሰማ ለልጇ ለሃይሚ ቁርስ እንቁላል እየጠበሰች ነበር። የእሷን አንዲት ክፍልና የወንድሟን ሚስት የፈትለወርቅን ወጥ ቤት የሚለያቸው ቀለም የተቀባ ቺፑድ ብቻ ነው። ከወዲያ የሚወራው ወዲህ፣ ከወዲህ የሚወራው ወዲያ ይሰማል። ፈትለወርቅ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ የሆድ የሆዷን በስልክ ልታወራ ስትል ተነስታ ሳሎን የምትገባውም ለዚህ ነው። ዛሬ ግን አልገባችም። እዚያው ቺፑዱ ሥር ቆማ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ካራ ለሚኖረው ለታናሽየው ወንድም ለልደቱ ትነግረዋለች። ይሰማ ብላ ነው የምታወራው። «አዎ፣ ሜትር! የብረቱ ሜትር! ከአጥር እስከ አጥር ሲዘረጉት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። መዝገብ ቤት የምትሠራ ሴት እንዲያው ዝም ብላ ትለካለች ብለህ ነው? ተው እባክህ ልደቱ፣ የምን የቤት ሥራ!» እንቁላሉ ጠርዝ ጠርዙን ጠቆረ። የሺሃረግ ደሟ ፈላ፤ ቺፑዱን በመጥበሻው ብትለው ደስ ባላት ነበር። ግን ሃይሚ ከጀርባዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እርሳሷን እየነከሰች፣ የለካችውን እያሰላች ነበርና ዝም ብላ ምድጃውን አጠፋች።

ነገሩ የቤት ሥራ ነው። ቢያንስ ሲጀመር የቤት ሥራ ነበር። ሃይሚ አራተኛ ክፍል ናት፤ ባለፈው መንፈቅ ዓመት በሒሳብ ወድቃ እናቷ ትምህርት ቤት ተጠርታለች። የሒሳብ መምህሯ ሚስ ነፃነት ገና ከኮሌጅ የወጣች ቀጭን ልጅ ናት። ወላጆችን ሰብስባ፣ «ክፍል ውስጥ የተማሩት ነገር ቤታቸው ካልገባ ደብተራቸው ላይ ይቀራል» አለች። «ቲማቲም ስትገዙ እነሱ ያስሉ። ታክሲ ላይ መልሱን እነሱ ይቁጠሩ። እኛ ብቻችንን አንችልም፤ ቤታችሁን ክፍል አድርጉልን።» ሌሎቹ ወላጆች ሰዓታቸውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሺሃረግ ግን ነገሩን እንደ ስለት ያዘችው። ከዚያ ወዲህ የወሰን ሰፈር ባለ ጉሊቶች የሚያውቋት «ልጅቷ ሳታሰላ የማትከፍለዋ» እያሉ ነው። ሃይሚ የሁለት ኪሎ ቲማቲም ሒሳብ በጣቷ ቆጥራ እስክትጨርስ ከኋላ የቆመው ሁሉ ያጉረመርማል። አንድ የመገናኛ ታክሲ ረዳትማ «እናት፣ ትምህርት ቤቱን ውረጂና እታች ክፈቺው» ብሏታል። ፈትለወርቅ እንኳ፣ ደህና በነበሩበት ጊዜ፣ ሽንኩርት በአምስት በአምስት ተደርድሮ ሲቆጠር አይታ እስኪያማት ስቃለች። «ይህችን ልጅ ሳትበላ ልታደርቂያት ነው» ብላ ነበር። አሁን ሳቁ ቀርቷል።

የዚህ ሳምንት ሥራ ቀላል ነበር፤ አንድ ጠረጴዛና አንድ በር ለክቶ ስፋቱን ማግኘት። የሺሃረግ ትናንት ከሥራ ስትመለስ በርና መስኮት የሚሠራው ኢቲቻ ዘንድ ጎራ ብላ የብረት ሜትር ተዋሰች። ዛሬ ደግሞ ወር የባተበት፣ የራጉኤል ቀን ነው። እናቷ ወይዘሮ የማርያምወርቅ በማለዳ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወደ እንጦጦ ወጥተዋል፤ አስቀድሰው፣ ስለ ባላቸው ሙት ዓመት ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ነው የሚመለሱት። እሳቸው እንደወጡ እናትና ልጅ ጠረጴዛውን ለኩ። በሩን ለኩ። ሃይሚ ሜትሩ ሲጠቀለል የሚያሰማውን ድምፅ ወደደችውና አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የበሩን ደፍ ለካች። «ግቢውን ብንለካውስ?» ያለችው የሺሃረግ ናት። ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ራሷን አልጠየቀችም። ርዝመቱ ድፍን አሥራ አራት ሜትር ሆነ። ወርዱ አሥራ ሁለት ሆኖ ትንሽ ተረፈ፤ ግማሽ ሜትር። «ማሚ፣ በግማሽ ማባዛት ገና አልተማርንም» አለች ሃይሚ። «እንግዲያው ተዪያት» አለች እናቷ፤ ከአጥሩ ሥር ቀና ስትል ፈትለወርቅ የልብስ ሳፋ ታቅፋ ዋናው ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ታያቸዋለች። «እንዴት አደርሽ ፈትሌ?» አለቻት። ፈትለወርቅ ልብሱን ሳታሰጣ፣ ሳፋውን እንደታቀፈች ተመልሳ ገባች።

በዚህ ዓመት፣ በዚህ ከተማ፣ ሜትር ይዞ የሚዞር ሰው ደህና ወሬ አያመጣም። መጀመሪያ ለኪ ይመጣል፤ ቀጥሎ አጥር ላይ «ይፈርሳል» የሚል ቀይ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ ስኳር የሚያበድር ጎረቤት በስልክ ብቻ የሚገኝ ሰው ይሆናል። የዚህ ግቢ ጭንቅ ግን ከዚያም ይብሳል። አባታቸው አቶ ወልደ ኢየሱስ የሞቱ ጊዜ ሦስቱ ልጆች ማንም ሽማግሌ ሳይገባበት በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ስለ ቤቱ የሚናገር ሰው አይኖርም። ከዚያም በኋላ ቢሆን እናት በሕይወት እያለች ግቢውን ማንሳት ነውር ነው። ነውር መሆኑን ቁጭ አድርጎ የነገራቸው የለም፤ አድገውበታል። ሙት ዓመቱ ደግሞ እሑድ ሳምንት ነው። ጠላው ተጠንስሷል፤ የድንኳኑ ቀብድ ተከፍሏል፤ የተከራዩት ወንበሮች ከዋናው ቤት ጎን ተደራርበው ላስቲክ ለብሰዋል። የሺሃረግ ከስንት ሳምንት መርጣ በዚህ ሳምንት ሜትር ዘረጋች። ከትዳሯ ወጥታ፣ ልጇን አንጠልጥላ ስትመጣ ይህችን ክፍል የሰጧት እናቷ ናቸው። ያን ጊዜ ክፍሏ ተከራይ ነበረባት፣ ኪራዩም የሚገባው ለሕሩይና ለፈትለወርቅ አስቤዛ ነበር፤ ፈትለወርቅ ያንን አልረሳችም። ዛሬ ወሰን ውስጥ እንዲህ ያለች ክፍል ከየሺሃረግ ደሞዝ ከግማሽ በላይ ትውጣለች። ካራ ሄዳ ብትፈልግ እንኳ ለሃይሚ ትምህርት ቤት የሚተርፋት ነገር አይኖርም። እናቷ «ውጪልኝ» ካሏት የምትገባበት የላትም። ከ«ውጪልኝ»ም በላይ ግን የሚያስፈራት፣ ያን ከማለታቸው በፊት የሚያዩዋት አስተያየት ነው።

ታላቅ ወንድሟ ሕሩይ ወደ ግቢ የወጣው ቁርስ ከተበላ በኋላ ነው። የሰበካ ጉባኤ አባል ስለሆነ ነገር ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ነው።

«የሺ፣ አባባ አፈሩ ሳይደርቅ ይሄ ምን ይባላል?»

«ጋሼ፣ የልጅ የቤት ሥራ ነው። ደብተሯን ላሳይህ።»

«ደብተር አታሳዪኝ። እኔ እዚህ ግቢ ተወልጄ እዚሁ ሸበትኩ፤ ስንት በስንት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ለልደቱም በስልክ ይህንኑ ነው ያልኩት። ማወቅም አልፈልግ! እማዬ እያለች ያንን ማወቅ ምን ይሠራልኛል?» ይህን ሲል ፊቱን ወደ ዋናው ቤት መስኮት መለስ አድርጎ ነበር፤ መጋረጃው ተነቃነቀ። «ልደቱም እየመጣ ነው። እማዬ ትመለስና እሷው ትፍረድ።»

የሺሃረግ ክፍሏ ገብታ ሜትሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሜትሩ ከግቢው ከወጣ ነገሩም አብሮት የሚወጣ መሰላት። ለሃይሚ «የጀመርሽውን ጨርሺ፤ ከደጅ እንዳትወጪ» አለቻትና ወጣች። ዳገቷን ወርዳ ዋናው መንገድ እስክትደርስ ከራሷ ጋር ስትሟገት ነበር። እንዴት ሰው ለልጅ እውቀት በደከመ ሌባ ይባላል? አባቷን በመጨረሻው በሽታቸው ያስታመመችው ማን ሆነና? ማታ ማታ ያበጠውን የእናቷን እግር በቅባት የምታሸው ማን ሆነና? ፈትለወርቅ ለሁለቱ ወንዶች ልጆቿ አስጠኚ ቀጥራ እሷ ተከታታይ ፊልሟን ታያለች፤ ማንም ምንም አላላትም። የበደሉ ነገር ሲቆጠር አላልቅ አላት። ጋራዦቹ ዘንድ የአንዱ መኪና ሞተር በባዶ ያጓራል፤ ረዳቶች «መገናኛ፣ መገናኛ፣ ሁለት ሰው!» ይላሉ፤ እሷ ምኑም አልተሰማትም።

ኢቲቻ አንድ ትልቅ የግቢ በር መሬት ላይ አስተኝቶ እየበየደ ነበር። ሲያያት የፊት መከለያውን ወደ ላይ ገፋው።

«አለቀ? ጠረጴዛው ተለካ?»

«ተለካ። በሩም፣ ግቢውም።»

«ግቢውም?» ሳቀ። «ለአራተኛ ክፍል? ቆይ እስቲ የሺ፣ እኔ ግቢ የሚለካ ሰው ሳይ ወይ ሊሸጥ ነው ወይ ሊካፈል ነው የምለው።»

ሰውዬው ሲቀልድ ነው። መከለያውን መልሶ ሊያወርድም ነበር። የሺሃረግ ግን እጇ ቦርሳዋ ውስጥ እንደገባ ደርቃ ቀረች። ጠዋት፣ እንቁላሉን ከመስበሯ በፊት፣ ሃይሚ ርዝመቱን በወርዱ አባዝታ «መቶ ስድሳ ስምንት ካሬ!» ስትል፣ «ጎበዝ የኔ ልጅ፤ አሁን ደግሞ ለሦስት አካፍይው» ያለቻት እሷ ናት። «ለምን ለሦስት?» አለች ልጅቷ። «ለልምምድ ነዋ።» ሚስ ነፃነት እንዲህ ያለ ነገር አላዘዘችም። ልምምድ ከሆነስ ለምን ሁለት አላለችም? ለምን ሰባት አላለችም? ሦስት ያለችው ሕሩይና ልደቱ ሁለት ሆነው እሷ ሦስተኛ ስለሆነች ነው። ይህንን ደግሞ ዛሬ አልጀመረችውም። ቢሮ መዝገብ ስታገላብጥ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆም፣ የራሷ በርና የራሷ ቧንቧ ያላት፣ በቺፑድ ያልተከፈለች ቤት በዚያ ግቢ ጥግ ላይ ስንት ጊዜ ሠርታለች! ስፋቷን ብቻ አታውቅም ነበር፤ እሱን ደግሞ ልጇን አሠራቻት። ስትበደል ዋለች ብላ ያዘነችላት፣ ያቺ ንጹሕ የሺሃረግ፣ የለችም። አፈረች። እዚያ ብየዳው ፊት ቆማ ጆሮዋ እስኪግል አፈረች። ፈትለወርቅ ውሸት ብትናገር ኖሮ እንዴት በቀለላት!

ከሐፍረቱ በላይ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ቅዳሜ ነው። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሃይሚን ሳሎን መሀል አቁመው «ምን ተማርሽ?» ይሏታል። ራሳቸው ከአራተኛ ክፍል አላለፉም፤ ስለዚህ ዘንድሮ ልጅቷ የምትማረውን ሁሉ እንደ ዕኩያ ነው የሚከታተሉት፤ ሒሳቡን በጣታቸው አብረዋት ይቆጥራሉ። ሃይሚም ከሠራችው አንዲት ነገር ሳታስቀር ታነብላቸዋለች። የሺሃረግ ዞረችና እግሬ አውጪኝ አለች። «ሜትሩስ?» ሲል ኢቲቻ ከኋላ ተጣራ፤ አልሰማችውም።

ስትደርስ እናቷ ገና አልተመለሱም። ሃይሚ ደፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እንዳየቻት ደብተሩን አንስታ ሮጠችባት።

«ማሚ፣ አገኘሁት! ጣቴን ሳልቆጥር! ሃምሳ ስድስት ነው፣ ምንም አይተርፍም!»

እውነትም ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ሁሉ ቲማቲም፣ የታክሲው ስድብ፣ የሽንኩርቱ ድርድር ሁሉ ለዚህች ቀን ነበር። ልጅቷ ራሷ አካፍላ፣ መልሳ አባዝታ፣ ልክ መሆኑንም አረጋግጣ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምራበታለች። የሺሃረግ አቅፋ ልትስማት ይገባ ነበር።

«አጥፊው» አለቻት።

«ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትሽም። ይህን የመጨረሻውን ብቻ አጥፊው። መምህርሽ አላዘዘችውም።»

«ትክክል ከሆነ ለምን ይጠፋል?» ሃይሚ እናቷን ቀና ብላ አየቻት። «ሳታረጋግጪ አታጥፊ ትዪኛለሽ አይደል? አረጋገጥኩ እኮ።»

«ሃይሚ፣ አጥፊው ብያለሁ!»

ልጅቷ ላጲሷን አነሳችና ማጥፋት ጀመረች። ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ ጫን እያለች ፈተገችው፤ ሁለቱም መስመሮች ጠፉ፣ ሃምሳ ስድስቱም ጠፋ፣ በቦታው ግራጫ ነገር ቀረ። እንባዋ መጣ፤ ግን አላለቀሰችም፤ የላጲሱን ፍርፋሪ በመዳፏ ጠርጋ ደብተሩን ዘጋችው። የውጪው በር ተንኳኳና የእናቷ ድምፅ «ቤቶች!» አለ።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ የጠበል ጠርሙሳቸውን እንደያዙ ሳሎኑ ውስጥ የባላቸው ፎቶግራፍ ሥር ካለችው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። የእንጦጦ ብርድ አጥንታቸው ድረስ ገብቷል፤ ፎጣ ደርበው እግራቸውን ጠረጴዛው ሥር ዘረጉ። ልደቱም ከካራ ደረሰ፤ እናቱን ጉልበት ስሞ በሩ አጠገብ ያለው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ፈትለወርቅ ቡፌውን ተደግፋ ቆመች። ሕሩይ ከፎቶግራፉ ትይዩ ሶፋው ላይ ነው። የሺሃረግ ሃይሚን አጠገቧ አድርጋ ከእናቷ ወንበር ጎን ምንጣፉ ላይ፣ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት ተቀመጠች፤ ሌላ ቦታ ብትቀመጥ የሚያስታውቅባት መሰላት። መጀመሪያ ወሬው ስለ ቅቤ ሆነ። ልደቱ ካራ ላይ ኪሎው ሺህ ብር ካለፈ ቆየ አለ። ሕሩይ ሰበካ ጉባኤው ለድንኳኑ ይተባበራል አለ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከሽሮ ሜዳ የተሳፈሩበት ታክሲ መንገድ ላይ ተበላሽቶ እንዳወረዳቸው ተናገሩ። «አይ እማማ፣ ደክሞዎታል» አለች ፈትለወርቅ። በተከፈተው በር በኩል ንፋስ የወንበሮቹን ላስቲክ ሲያንኳኳው ይሰማል። አሮጊቷ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አዩ።

«ምን ሆናችኋል? ፊታችሁ ሁሉ ለቅሶ ቤት መስሏል።»

ሕሩይ ሊጀምር ሶፋው ላይ ተስተካከለ። ፈትለወርቅ ግን እሱ ከሃይማኖት ጀምሮ ነገሩ ጋ እስኪደርስ አልጠበቀችም። «እማማ፣ ዛሬ ግቢው ሲለካ ነው ያረፈደው። እርስዎ ራጉኤል መሄድዎ ተጠብቆ።»

ወይዘሮ የማርያምወርቅ የጠበሉን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ማነው የለካው?»

«እኔ!» አለች ሃይሚ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው እጇን አውጥታ።

ልደቱ ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠ። አሮጊቷ አልሳቁም። ወደ የሺሃረግም አልዞሩም። «ነይ እስቲ» አሉ ልጅቷን። «ምን ተማርሽ ዛሬ?»

ሃይሚ ደብተሯን ይዛ ሳሎኑ መሀል ቆመች። መጀመሪያ እናቷን አየች። ከዚያ አነበበች፤ የጠረጴዛውን፣ የበሩን፣ የአልጋውን። ድምፅዋ እንደ ሌላው ቅዳሜ አልነበረም። «የግቢው ርዝመት አሥራ አራት ሜትር። ወርዱ አሥራ ሁለት ሜትር። ሲባዛ መቶ ስድሳ ስምንት ካሬ ሜትር።»

«አይደለም» አለ ሕሩይ። «ወርዱ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። መቶ ሰባ አምስት ነው የሚመጣው።»

ካለው በኋላ ነው ያለውን የሰማው። ፈትለወርቅ ዓይኗን ጨፈነች። ልደቱ ዱካው ላይ ዞር ብሎ ወንድሙን አየው፤ «ጋሼ፣ ጠዋት በስልክ ስንት በስንት እንደሆነ እንኳ አላውቅም አላልከኝም?» ሕሩይ «የቤቱ ካርታ ላይ... አንድ ጊዜ እንዲያው...» ብሎ ቀረ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ፊታቸውን ወደ ታናሽየው መለሱ። «አንተስ ልጄ?»

«እኔ? እኔማ ለክቼ አላውቅም!» አለ ልደቱ ቸኩሎ። «እኔ ካሬው ስንት እንደሚሄድ አንድ ደላላ ጠየቅሁ እንጂ...»

ከዚህ በኋላ በዚያ ቤት ንጹሕ ሆና የቀረች የሺሃረግ ብቻ ነበረች። ሁለቱ ወንድሞቿ በገዛ አፋቸው ተያዙ። ጠዋት በቺፑዱ በኩል የተሰደበችው ሴት አሁን አንገቷን ቀና አድርጋ ልትቀመጥ ትችላለች፤ የለካችው ለልጅ ትምህርት ነው፣ ደብተሩም ይመሰክራል። ፈትለወርቅ እንኳ ዓይኗን ስትገልጥ እያየቻት ያለው በሌላ ዓይን ነበር። ትንሽ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

«ከዚያስ?» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ልጅቷን። «አለቀ?»

«ከዚያ ያለውን ማሚ አጥፊው ስላለችኝ አጠፋሁት።» ሃይሚ ደብተሯን ዘጋችው። «ትክክል ነበር ግን።»

ሁሉም ወደ የሺሃረግ ዞሩ። እሷ ያየችው ግን ልጇን ነው። ሃይሚ የምትጠብቀው ፍርድ ስለ ቤት አይደለም፤ ስለ ግቢም ስለ ካርታም ግድ የላትም። ሒሳቡ ልክ መሆን አለመሆኑን እናቷ በሰው ፊት እንድትነግራት ብቻ ነው ዓይኗን የምታቁለጨልጨው። የሺሃረግ «ተሳስታ ነው» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ልጅቷም ዳግመኛ ጣቷን ሳትቆጥር አታሰላም።

«ትክክል ነበር፣ ሃይሚዬ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ትክክል ስለነበር ነው ያስጠፋሁሽ። እማዬ፣ ለሦስት አካፍይው ያልኳት እኔ ነኝ። መምህሯ አላዘዘችም። ለእኔ ስንት እንደሚደርሰኝ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ወይዘሮ የማርያምወርቅ «ስንት ደረሰ?» ብለው ልጅቷን ጠየቋት።

«ሃምሳ ስድስት!» አለች ሃይሚ፤ ፊቷ ባንዴ በራ። «ምንም አይተርፍም።»

«ሃምሳ ስድስት» አሉ አሮጊቷ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጅቷ ጋር እንደሚቆጥሩት በጣታቸው ሕሩይን ጠቆሙ፣ ልደቱን ጠቆሙ፣ የሺሃረግን ጠቆሙ። ጣታቸው ወደ ራሳቸው ደረት ዞረና እዚያ ቆመ። «እኔንስ የት አስገባችሁኝ?»

ጣታቸውን ከደረታቸው አነሱና ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን አዩ።

«እነዚህን አልፈርድባቸውም። ወንዶች ናቸው፣ ሚስት አላቸው፣ ቤት ቤት ይላሉ። አንቺ ግን...» አሁን ገና ዞረው የሺሃረግን አዩዋት። ስትፈራው የዋለችው አስተያየት ይህ ነበር፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። «ማታ ማታ እግሬን የምታሺው አንቺ ነሽ። እግሬን ይዘሽ ነው እንዴ ስታካፍይ የነበርሽው?»

የሺሃረግ እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። ሕሩይ «እማዬ፣ እንግዲህ ሁላችንም አጥፍተናል፤ ይቅር...» ሲል እናቱ «ዝም በል» አሉት። አሮጊቷ ፎጣውን ወደ ትከሻቸው ሳቡት፤ ልጅቷንም ወደ ጠረጴዛው ጠርተው ደብተሯን በእጃቸው ዘረጉላት፤ ያ የተፈተገው ግራጫ ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«እንደገና ሥሪው ልጄ። ተደብቆ አይደለም፤ እዚሁ ሥሪው። ግማሿም ሜትር ትግባ፤ አጎትሽ ያውቃታል።»

ሃይሚ እርሳሷን አነሳችና መልሳ አወረደችው። «እማማ፣ ግማሽ ካለበት እንዴት እንደሚካፈል ገና አልተማርንም።»

«እናትሽ ታሳይሻለች። እዚሁ፣ እኔ ፊት።»

የሺሃረግ በጉልበቷ እየሄደች ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። እርሳሱን ስትቀበል ወረቀቱ ላይ አንድ ጠማማ መስመር ወጣ። ሃይሚ ላጲሷን ልታነሳ ስትል «ተዪው» አለቻት። ርዝመቱን ጻፈች። ወርዱን ጻፈች፤ ግማሿንም ጨምራ፣ ቀስ ብላ፣ ለልጅቷ እንዲታያት። አባዙና ሕሩይ ያለው ቁጥር መጣ። ማንም ከተቀመጠበት አልተነሳም። ፈትለወርቅም ከቡፌው ጋር እንደተጣበቀች ቀረች።

«አሁን ላካፍለው?» አለች ሃይሚ። «ለስንት?»

የሺሃረግ ዓይኗን ዝቅ አደረገች። በጠረጴዛው ሥር፣ ከጉልበቷ አጠገብ፣ ያበጠው የእናቷ እግር ተዘርግቷል።

«ለአራት» አለች።